የወተት ጥርስ በአደጋ ሲነቃነቅ፤ እንንቀለው ወይስ እንታገሠው?



በዚህ ወር ትምህርታችን የምንመለከተው ነገር ትንሽ መስሎ የሚታይ ነው፤ ነገር ግን ሕፃን ባለበት ቤትና በማናቸውም አጸደ ሕፃናት በድንገት ሊደርስ ይችላል። ይኸውም ሕፃን ወድቆ የፊት ጥርሱ በተነቃነቀ ጊዜ ወላጅ ወይም አስተማሪ ምን ማድረግ ይገባዋል የሚለው ነው። ጥርሱ ይነቀል? ወደ ቦታው ይገፋ? ወይስ ሳይነካ ይቆይ? ልጁ እያለቀሰ፣ ደሙ እየፈሰሰ ይህን ማሰላሰል አስቸጋሪ ስለሆነ፣ መልሱን በሰላሙ ቀን አስቀድሞ ማጥናት ይሻላል።

አንድ ምሳሌ

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዓለም ባንክ የሚባል ሰፈር መኖሩ የታወቀ ነው። ስሙንም ያገኘው በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተሠሩት መኖሪያ ቤቶች ነው። እንግዲህ ለትምህርታችን ምሳሌ እንዲሆነን፣ በዚህ ሰፈር የምትኖር አንዲት የ3 ዓመት ልጅ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ስትሯሯጥ በግቢው በር ላይ ተደናቅፋ በአፏ ወደቀች እንበል። ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ አንዱ ይነቃነቃል፤ ድድዋም ይደማል።

እናቲቱ ልጅዋን አቅፋ ስትደነግጥ ጎረቤቶች ይሰበሰባሉ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እማማ፣ «ልጄ፣ ለምን ታሠቃያታለሽ? በክር እሰሪና ሳብ አድርጊው፤ የወተት ጥርስ አይደለም እንዴ፣ ነገ ሌላ ይበቅላል» ይላሉ። ሌላይቱ ጎረቤት ደግሞ፣ «ኧረ እማማ፣ እንደሱ አይደለም፤ በጣት ገፋ አድርጎ ማጽናት ነው የሚሻለው» ትላለች። ከሥራ የተመለሰው አባት በበኩሉ፣ «ምንም አትንኩት፤ ራሱ ይድናል» ይላል። ሦስቱም የሚናገሩት ከፍቅር የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ሦስቱም ጥርሱን ገና በሚገባ አላዩትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሳይመረምሩ የሰጡት ፍርድ ለልጅቱ ሊጠቅምም ሊጎዳም ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

የማይታየው ጥርስ

የወተት ጥርሶች ቍጥራቸው 20 ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ሕፃኑ 6 ወር ገደማ ሲሆነው ይወጣል፤ 3 ዓመት እስኪሞላው ድረስም ሁሉም ወጥተው ያልቃሉ። ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ በየተራ እየወለቁ በቋሚ ጥርሶች ይተካሉ፤ የመጨረሻዎቹ የሚወልቁት በ12 ዓመት ገደማ ነው።

ብዙ ሰው ቋሚው ጥርስ መፈጠር የሚጀምረው የወተት ጥርሱ ከወለቀ በኋላ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የላይኛው የፊት ቋሚ ጥርስ ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ወራት ውስጥ በመንጋጋው አጥንት ውስጥ መጠንከር ይጀምራል፤ የሚያብለጨልጨው ቅርፊቱም ልጁ 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሆነው ድረስ በመሠራት ላይ ይቆያል። የሚያድግበትም ስፍራ ከወተት ጥርሱ ሥር በስተጀርባ ሆኖ በጣም የተጠጋ ነው። ስለዚህ የ3 ዓመት ልጅ የፊት ጥርስ በተመታ ጊዜ፣ ጉዳቱ የሚያሰጋው ሁለት ጥርሶችን ነው ማለት ይቻላል፤ አንደኛው የሚታየው፣ ሁለተኛው ገና በመሠራት ላይ ያለው ነው። ከአደጋው፣ ወይም ካልተጠነቀቀ እጅ፣ ወይም ከሚመረቅዝ ቁስል የተነሣ ቋሚው ጥርስ ነጭ ወይም ቡናማ ነጥብ ይዞ፣ ቅርፊቱ ጎድጎድ ብሎ፣ ወይም ጠምሞ ሊወጣ ይችላል።

የውሳኔው ሁሉ መሠረት ይህ ነው። የወተት ጥርስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚሰናበት እንግዳ ነው፤ ቋሚው ግን ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ባለቤት ነው። ለእንግዳው ሲባል ባለቤቱ እንዳይጎዳ መጠንቀቅ ይገባል። እንዲሁም እንግዳውን ያለ በቂ ምክንያት ከጊዜው በፊት ማባረር አይገባም።

በመጀመሪያ የሚደረገው

1ኛ/ ከጥርሱ በፊት ጭንቅላቱን ማሰብ ነው። ልጁ ራሱን ስቶ እንደ ነበረ፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ ያለ ወትሮው የሚያንቀላፋ ወይም የሚደናገር እንደሆነ፣ የጥርሱን ነገር ትቶ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

2ኛ/ እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ የልጁን አፍ በንጹሕ ውሃ ቀስ አድርጎ ማጠብ። ደም የሚፈስ ቢሆን ንጹሕ ጨርቅ ወይም ፋሻ አጥፎ በድድው ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳያነሡ መያዝ። ከንፈሩ እንዳያብጥም በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከውጭ ማስቀመጥ ይረዳል።

3ኛ/ በብርሃን ማየት። ለዚህም ሁለት ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጡ፤ ልጁ ፊቱን ወደ እናቱ አድርጎ በጭኗ ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ ራሱ በሁለተኛው ሰው ጭን ላይ እንዲያርፍ በጀርባው ቀስ ብሎ ይጋደም። እናቱ እጆቹን ትይዛለች፤ ልጁም ፊቷን ስለሚያይ አይፈራም። ሁለተኛው ሰው ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ያያል።

4ኛ/ ጥርሶቹን መቍጠር። አንድ ጥርስ ወይም ስባሪ ጎድሎ በመሬት ላይ ካልተገኘ፣ ወደ ድድው ውስጥ ገብቶ፣ ተውጦ ወይም ወደ አየር ቧንቧ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ልጁ የሚያስለውና የሚተነፍሰው በጭንቅ ከሆነ አንድ ደቂቃም ሳይባክን ወደ ሐኪም መውሰድ ግድ ነው።

ከዚህ በኋላ፣ ሕመሙ ቀላል ቢመስልም፣ ልጁን በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ለጤና ባለሙያ ማሳየት ይገባል። በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ የጥርስ ክፍል ባይኖረውም፣ ቁስሉን አይቶ ወደሚቀጥለው ሆስፒታል ሊልክ ይችላል። የልጁን የክትባት ካርድ ይዞ መሄድ አይዘንጋ፤ ቁስሉ በአፈር የቆሸሸ እንደሆነ ሐኪሙ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዱን ይጠይቃልና።

ውሳኔው እንዴት ይሰጣል?

የጥርስ ሐኪም አራት ነገሮችን ይመዝናል። የልጁ ዕድሜ ስንት ነው? ጥርሱ ምን ያህል ይነቃነቃል፣ ወዴትስ ዘሟል? ልጁ አፉን ሲገጥም ላይኛውና ታችኛው ጥርስ ይጋጫል? ልጁስ ሕክምናውን ሊታገሥ ይችላል? አስፈላጊ በሆነ ጊዜም ራጅ ያነሣል። የጥርስ አደጋን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበር በ2012 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020) ያሳተመው መመሪያ፣ በብዙው ሁኔታ መታገሥና መከታተል እንደሚሻል ያስተምራል። ዝርዝሩ እንደሚከተለው ነው።

ሀ/ ጥርሱ ሲነኩት ያማል፤ ግን አይነቃነቅም፣ ከስፍራውም አልዘመመም። ይህ ጥበቃ እንጂ ሌላ ሕክምና አይሻም።

ለ/ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ በድድው ዙሪያም ጥቂት ደም ይታያል፤ ነገር ግን በስፍራው ነው። የምሳሌያችን ልጅ ሁኔታ ይህ ነው እንበል። ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ጥቃቅን ጅማቶች ተጎድተዋል እንጂ ሁሉም አልተበጠሱም፤ ዕረፍት ካገኙ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ መልሰው ይይዛሉ። ስለዚህ አይነቀልም፣ አይገፋም፤ ይጠበቃል። ከሦስቱ መካሪዎች ወደ እውነት የቀረበው አባትዬው ነው። ይሁን እንጂ «ምንም አትንኩት» ማለት «አትከታተሉት» ማለት እንዳይሆን ያስፈልጋል።

ሐ/ ጥርሱ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ዘሟል። ልጁ አፉን ሲገጥም የማይጋጭ ከሆነ የሚተው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በምላስና በከንፈር ግፊት በ6 ወር ውስጥ ራሱ ይመለሳል። የሚጋጭና አፍ ማስገጠም የሚከለክል፣ ወይም እጅግ ላልቶ ሊዋጥ የሚችል ከሆነ ግን ሐኪሙ በማደንዘዣ ያስተካክለዋል ወይም ይነቅለዋል።

መ/ ጥርሱ ወደ ድድው ውስጥ ገብቶ አጥሯል ወይም ጠፍቷል። የሚያስፈራ መልክ ቢኖረውም በብዙው ጊዜ ራሱ ተመልሶ ይወጣል፤ ይህም እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። ቋሚውን ጥርስ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋው አደጋ ይህ ስለሆነ፣ የሐኪም ክትትል ፈጽሞ አይቀርም።

ሠ/ ጥርሱ ከስፍራው ወደ ታች ተስቦ ረዝሟል። ጥቂት ከሆነና የማይጋጭ ከሆነ ይተዋል፤ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከተሳበ ወይም እጅግ ከላላ መንቀሉ ይመረጣል።

ረ/ የወተት ጥርሱ ፈጽሞ ወልቋል። ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ አይተከልም። ምክንያቱም ሲገፋ ከበስተጀርባው ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳው ይችላል።

ዕድሜውን መመዘን ያስፈለገበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የ6 ዓመት ልጅ የታችኛው የፊት ጥርስ ያለ አደጋ ቢነቃነቅ፣ ጊዜው ስለደረሰ ነው፤ ሥሩ ቀስ በቀስ ስለሟሟ በምላስ ሲገፋ ራሱ ይወልቃል። የ3 ዓመት ልጅ ጥርስ ግን ሙሉ ሥር አለው። እማማ ያሉት ክር ለ6 ዓመቱ ልጅ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ለ3 ዓመትዋ ልጅ ግን ሕመምና መድማት ከማምጣቱም በላይ፣ ሥሩን ሰብሮ በድድው ውስጥ ሊያስቀር ይችላል።

በቤት የሚደረግ ጥበቃ

የተነቃነቀ ጥርስ መድኃኒቱ ዕረፍትና ንጽሕና ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ልጁ ለስላሳ ምግብ ይብላ፤ ገንፎ፣ አጥሚት፣ ሾርባ፣ በሽሮ የራሰ እንጀራ፣ የበሰለ ድንችና ሙዝ ይበቃዋል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳና ደረቅ ዳቦ በፊት ጥርሱ እንዳይነክስ ይጠበቅ። ጡጦና ጣት መጥባትም ጥርሱን ስለሚገፉ ለጊዜው ይቅሩ።

አፉ ስለቆሰለ ጥርሱን ከማጽዳት መቆጠብ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቆሻሻ የተጠራቀመበት ድድ አይድንምና። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በንጹሕ ውሃ በተነከረ ጥጥ በቀስታ ይጸዳ። ሐኪም ካዘዘም ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን፣ አልኮል የሌለበትን የአፍ ማጠቢያ በጥጥ እየነከሩ በቀን 2 ጊዜ ለአንድ ሳምንት መቀባት ነው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በልጁ ክብደት መጠን በባለሙያ ምክር ይሰጣል፤ አስፕሪን ግን ለሕፃናት አይሰጥም።

በደሙ ላይ የቡና ዱቄት መነስነስ፣ በቁስሉ ላይ ካቲካላ ማፍሰስ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅርንፉድ ቀጥቅጦ በድድው ላይ ማሰር አይገባም። እነዚህ ሁሉ የተጎዳውን ለስላሳ ሥጋ ያቃጥሉታል፣ ወይም ያቆሽሹታል። ካለፈው ሕመም የተረፈ የፀረ ተሕዋስያን እንክብል ከቤት ፈልጎ ለልጁ መስጠትም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለውን መድኃኒት የሚያዝዘው ሐኪም ነው።

ጥርሱ ቢጠቍርስ?

ከአደጋው ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ የወተት ጥርሱ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ መልክ ቢይዝ ብዙ ወላጆች «በስብሷልና ይነቀል» ይላሉ። በጥርሱ ውስጥ የነበሩት የደም ሥሮች ሲጎዱ መልኩ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ከወራት በኋላ መልሶ ይነጣል፣ አንዳንዱም ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ ሌላው ግራጫ እንደሆነ ቆይቶ በጊዜው ይወልቃል። መልክ መለወጡ ብቻውን ለመንቀል ምክንያት አይሆንም።

የሚያስፈሩት ምልክቶች ሌሎች ናቸው። በጥርሱ አጠገብ በድድው ላይ ብጉር የመሰለ እብጠት ሲወጣ፣ መግል ሲፈስ፣ ከንፈር ወይም ጉንጭ ሲያብጥ፣ ትኩሳት ሲመጣ፣ ሕመሙ ተሽሎት ከነበረ በኋላ ሲመለስ፣ ወይም ጥርሱ ከመጽናት ይልቅ እየላላ ሲሄድ ልጁ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። መርቅዞ በመግል የቆየ ጥርስ ለቋሚው ጥርስ ጠላት ስለሆነ፣ በዚህ ጊዜ መንቀል ተገቢ ይሆናል። ምልክት ባይታይም፣ በስፍራው ሆኖ የሚነቃነቅ ጥርስ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል፤ የዘመመና ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ክትትሉ ይረዝማል።

ሐኪሙ «ይነቀል» ብሎ በፈረደ ጊዜም ወላጅ ሊያዝን አይገባም። አንድ የፊት የወተት ጥርስ የጎደለው ልጅ ከጥቂት ቀን በኋላ ይበላል፣ ይናገራል፣ ይስቃል። ወላጅ ሊያዝን የሚገባው ያለ ፍርድ በተነቀለው ነው።

የታላቅ ወንድሟ ጥርስ

አሁን ነገሩን እንገልብጠው። በዚያው ቤት ያለው የ8 ዓመት ወንድሟ ኳስ ሲጫወት ተመትቶ የላይኛው የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወለቀ እንበል። የወለቀ ጥርስን ወደ ቤት ጣሪያ መወርወር የቆየ የልጆች ልማድ ነው፤ በጊዜው ለወለቀ የወተት ጥርስ ምንም ጉዳት የለውም። ይህ ጥርስ ግን ቋሚ ነው፤ ሌላ አይተካውም። ወደ ጣሪያ የወረወረው ሰው የልጁን የዕድሜ ልክ ጥርስ ወረወረ።

ቋሚው ጥርስ ከወተቱ ይልቅ ተለቅ ያለ፣ ጥቂት ቢጫነት ያለው ሲሆን፣ አዲስ በወጣበት ጊዜ ጫፉ እንደ መጋዝ ይሰነጣጠራል። ቋሚ መሆኑ የታወቀ እንደሆነ፣ ከሥሩ ሳይሆን ከድድ በላይ ይታይ በነበረው ክፍሉ ይያዝ፤ ሥሩ አይፋቅ፣ በሳሙናም አይታጠብ። አፈር ከነካው በወተት ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ለአንድ አፍታ ለቅለቅ ተደርጎ ወዲያው ወደ ጉድጓዱ ይመለስ፤ ልጁም ንጹሕ መሐረብ ነክሶ ወደ ጥርስ ሐኪም ይሩጥ። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ጥርሱ በቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ተነክሮ ይወሰድ። ደረቅ ሆኖ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየ ጥርስ የመዳን ተስፋው እጅግ ይቀንሳል።

እንግዲህ ሕጉ ለሁለቱ ልጆች ተቃራኒ መሆኑን ልብ በሉ። የእኅትየው የወተት ጥርስ ቢወልቅ አይመለስም፤ የወንድምየው ቋሚ ጥርስ ግን በደቂቃዎች ውስጥ መመለስ አለበት። ሁለቱን መለየት የማያውቅ ሰው በቅን ልቡ ሁለቱንም ይጎዳል።

ስለ አንድ ጎጂ ልማድ

በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው፣ ምክንያቱ ጥርሱ ነው ተብሎ ገና ያልወጣው የወተት ጥርስ በስለት ከድድው ውስጥ ሲወጣ ኖሯል። ይህ ድርጊት ተቅማጡን አያድንም፤ ደም መፍሰስን፣ የቁስል መመረዝንና በቋሚው ጥርስ ላይ ጉዳትን ያመጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙትን ጎጂ ልማዶች የሚያስቀጣ አድርጓል። ለተቅማጥ የሚበጀው በሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተዘጋጀ ውሃ መስጠትና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

የአስተማሪዎች ድርሻ

አደጋው በትምህርት ቤት የደረሰ እንደሆነ፣ አስተማሪው ሰዓቱን፣ የወደቀበትን ስፍራና ያየውን ሁሉ ጽፎ ለወላጅ ይስጥ፤ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነውና። ልጁን በሌሎች ፊት «ጥርሰ ወላቃ» ከሚል ፌዝም ይጠብቀው። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የእርዳታ ሣጥን ውስጥ ንጹሕ ፋሻና ጥጥ መኖሩን፣ ወተትም በአቅራቢያው ከየትኛው ሱቅ እንደሚገኝ ማወቅ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

በምሳሌያችን ያለችው እናት ይህን ትምህርት አንብባ ቢሆን ኖሮ፣ ለእማማ በአክብሮት፣ «እማማ፣ ክሩ ይቆየን፤ መጀመሪያ እንየው» ብላ በመለሰችላቸው ነበር። እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ ማሳየት፣ ከዚያም መታገሥና መከታተል ነው።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የ3 ዓመት ልጅ የፊት ጥርስ ሲመታ ሁለት ጥርሶች ይሰጋሉ የምንለው ስለምን ነው?
2. ጥርስ ከመመልከታችን በፊት ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?
3. የተነቃነቀ የወተት ጥርስ መቼ ይታገሡታል? መቼስ ይነቀላል?
4. የጠቆረ ጥርስ ሁሉ መነቀል አለበትን? የሚያስፈሩትን ምልክቶች ዘርዝሩ።
5. የወለቀ የወተት ጥርስና የወለቀ ቋሚ ጥርስ አያያዛቸው በምን ይለያያል?